ኩርባ የሌለው ወረዳ

በእኛ ቤት ሴት ልጅ ስትጠየቅ መጀመሪያ የሚመረመረው ጠያቂው ልጅ አይደለም፤ አገሩ ነው። ሽማግሌዎቹ መጥተው፣ ተቀምጠው፣ ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ አውርተው ጉዳያቸውን ሲያቀርቡ አባቴ የሚሰጡት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ጠይቀን እናሳውቃችኋለን።» ከዚያ አንድ የሚታመን ሰው በገበያ ቀን ወደ ልጁ አገር ይላካል። ሰውዬው በግ የሚገዛ መስሎ ገበያው መሀል ይቆምና የበጉን ጥርስ እያየ የቤተሰቡን ነገር ያጠያይቃል። የአጎቴን ልጅ ከኩታበር የጠየቋት ጊዜ የተላኩት አባቴ ራሳቸው ነበሩ። በግ እየጎተቱ ተመለሱ። ስለ ልጁ ሲጠየቁ «በጉ ይሻላል» አሉ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ታላቅ እህቴን ሊጠይቁ የመጡት ሦስት ሽማግሌዎች ከኮምቦልቻ ነበሩ። የኮምቦልቻ ሰው ደሴ ሲወጣ ብርድ መኖሩን ሁልጊዜ ይረሳል። ሦስቱም በስስ ሸሚዝ መጥተው ስለነበር እህቴ ከሳጥን ጋቢ እያወጣች አለበሰቻቸው። ነገሩን የሚያቀርቡት ጎማ ነጋዴ የሆኑት የልጁ አጎት ከጋቢው ውስጥ አፍንጫቸውን ብቻ አውጥተው ተናገሩ።

«ልጃችን አሜሪካ ነው ያለው። የወተት ቦቴ ይነዳል። የሚኖረው ግን ከተማ አይደለም፤ እውነቱን እንናገር፣ ገጠር ነው። እነሱ ካውንቲ ይሉታል፤ እኛ ወረዳ እንደምንለው መሆኑ ነው።»

«ወረዳውን ያየው ሰው አለ?» አሉ አባቴ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ያየው የለም።

«እንግዲያው ጠይቀን እናሳውቃችኋለን። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ኑ።»

እንግዶቹ ጋቢውን መልሰው፣ ሙቀቱን እያሰቡ ወጡ። እኔ ብርጭቆ እየሰበሰብኩ ነበር። አባቴ ወደ እኔ ዞሩና ገራዶ ወፍጮ ቤት ሄደሽ እህል አስፈጭተሽ ነይ እንደሚሉኝ አድርገው «አንቺ ሂጂ» አሉኝ።

«የት አባዬ?»

«እዚያው ወረዳ ነዋ። በስልክሽ ሂጂ። ወረዳ መጻፍ ሥራሽ አይደለም እንዴ?»

እውነት ነው፤ ሥራዬ ነው። ጂኦግራፊ ተምሬ አንድ ቢሮ ውስጥ የወረዳዎችን አጠቃላይ ገጽታ አዘጋጃለሁ። የት እንደሚገኝ፣ ደጋው ምን ያህል፣ ቆላው ምን ያህል፣ ምን እንደሚበቅልበት፣ መንገዱ እስከ የት እንደሚደርስ እጽፋለሁ። ደስ የማይል ነገር ሲያጋጥመኝ የምሸሸግበት ቃልም አለኝ፤ «ልዩ ልዩ» የሚል። የተሰበረ ድልድይ፣ የደረቀ ቧንቧ፣ ተሠርቶ ያልተከፈተ ጤና ኬላ፣ ሁሉም «ልዩ ልዩ ችግሮች» ከሚለው ሥር ተኝተው ያድራሉ። ጽሑፍ እንዲህ ይመቸኛል። መናገር ግን ሌላ ነገር ነው። ስብሰባ ላይ አስተያየት ስጪ ስባል አንገቴን ነቅንቄ የምቀመጥ ሰው ነኝ፤ አለቃዬ ይህንን ለዓመታት እንደ ስምምነት ሲቆጥረው ኖሯል።

በዚያ ቀን ማታ እህቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሳለች ጀምሮ ታውቀዋለች። ፋርማሲ ውስጥ ቆማ መድኃኒት ስትሸጥ እንኳ ስልኳ ሲንጫጫ ፊቷ ይበራል፤ ጉንፋን ይዞት የመጣ ሰው ሁሉ ለእሱ የሳቀች ይመስለዋል።

«ስሚ» አለችኝ፤ «አባዬ እንቢ ካሉ ከቃላቸው ወጥቼ አልሄድም። ታውቂኛለሽ።»

«አውቅሻለሁ።»

«ስለዚህ እንቢ እንዳይሉ አድርጊ። ቆንጆ ቆንጆውን ጻፊ።»

«ቆንጆ ካልሆነስ?»

«አንቺ ደግሞ! ማን ሄዶ ያየዋል?»

ያስፈራኝ ይኸው ነበር። ኩታበር የተላከ ሰው ቢዋሽ በሚቀጥለው ገበያ ይጋለጣል። እኔ ብዋሽ ግን የሚይዘኝ የለም። የእህቴ ትዳር በእኔ አፍ ላይ ወደቀ፤ በቤቱ ካሉት ሁሉ ትንሹ አፍ ላይ።

በማግሥቱ ጉዞ ጀመርኩ። ኢንተርኔቱ አንዳንድ ቀን አለ፣ አንዳንድ ቀን የለም፤ ስለዚህ ከሥራ ስወጣ ፒያሳ አንድ ካፌ ገብቼ በአንድ ሻይ ሁለት ሰዓት እቀመጣለሁ። ቤት ስገባ አባቴ በር ላይ ይጠብቁኛል።

«ዛሬ የት ደረስሽ?»

«ወንዙን አገኘሁት አባዬ።»

«ድልድይ አለው?»

«አለው።»

«አልሐምዱሊላህ። ነገ ተሻገሪ።»

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከኮምቦልቻ ጂቡቲ ቦቴ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ማንኛውም አገር ለእሳቸው መንገድ ነው። አንድ ቀን ኢንተርኔቱ ቤት ድረስ ሲመጣልን ስልኬን አስጠጋሁላቸው። ካርታው ላይ መንገዱን ልክ እዚያው እንደቆመ ሰው የሚያሳይ ነገር አለ፤ በጣትህ በነካኸው ቁጥር ወደፊት ይወስድሃል። አባቴ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ወንበራቸውን አስተካከሉ። መሪ ለመጨበጥ ትንሽ ነው የቀራቸው።

«ቀጥ በይ» አሉኝ። ቀጥ አልኩ። «ቀጥ በይ።» ቀጥ አልኩ። በግራ በቆሎ፣ በቀኝ በቆሎ። ከሩቅ የብረት ጎተራ ብልጭ ይላል። «ቀጥ በይ… ኧረ ኩርባው የት አለ?»

«ኩርባ የለውም አባዬ።»

«ዳገትስ?»

«የለውም።»

«ቁልቁለት?»

«እሱም የለም።»

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ለማመን ይከብዳል። እዚያ ላይ አንድ ኩርባ ዞረህ ቀና ስትል ቅድም የነበርክበትን መንገድ ከራስህ በላይ ተንጠልጥሎ ታየዋለህ። አባቴ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ታዲያ ሾፌሩ እንዴት አይተኛም?» አሉ ከልባቸው ተጨንቀው። ቀጥለውም «ጦሳቸው የቱ ነው?» አሉ።

ጦሳ ከደሴ በላይ የቆመው ተራራችን ነው። እንደዚያ ያለ እንደሌላቸው ነገርኳቸው።

«ያ ረቢ! ጭጋጉስ የት ነው የሚያርፈው?»

ይህንን አልተማርኩትም። መንገዳችንን ቀጠልን። ብዙ ሄድን። አባቴ አሁን የሚፈልጉት ተራራም ኩርባም አልነበረም፤ ሰው ነበር። የእኛ አገር መንገድ፣ ዋናውም ሆነ መጋቢው፣ ከመኪና ይልቅ እግረኛ ነው የሚበዛበት፤ ፍየል የሚነዳ፣ እንጨት የተሸከመ፣ ለቅሶ የሚሄድ፣ ዝም ብሎ የሚሄድ። እዚያ ግን አንድ እግረኛ አጣን። በየቤቱ መግቢያ የፖስታ ሳጥን ቆሟል። «ሳጥኑ አለ፤ ሰውየው የለም» ይላሉ አባቴ በየሳጥኑ ፊት። በመጨረሻ አንድ ሰው በሣር ማጨጃ ላይ ተቀምጦ ብቅ አለ።

«ሰው! ሰው! ቁሚ!»

ቆምኩ። አስጠጋሁት። ፊቱ እንደ ጭጋግ የተድበሰበሰ ነው።

«ፊቱን ምን ሆኖ ነው?»

«ካርታው ነው የሚሸፍነው አባዬ። ማንነቱ እንዳይታወቅ ነው፤ ሕጋቸው ነው።»

አባቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጡት። «ሰው እንዳይታወቅ ሕግ ያወጣ አገር» አሉ። ቀና ሳይሉም ጠየቁኝ። «ልጄ እዚያ ሆና እሪ ብትል ማን ይሰማታል?»

እህቴ ከጓዳ ትሰማ ነበር። እኔም ጥያቄው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እናታችን በታመመችበት ቀን አባታችን ቦቴውን ይዘው በረሃ ላይ ነበሩ። እኔና እህቴ ልጆች ነበርን፤ ያደረግነው ነገር በር ላይ ወጥተን መጮህ ብቻ ነው። ጩኸታችንን የሰማ ሁሉ መጣ። ያነሷት፣ ሐኪም ቤት ያደረሷት፣ በኋላም የቀበሯት ጎረቤቶቻችን ናቸው። አባቴ የደረሱት በሁለተኛው ቀን ነው። ቦቴ መንዳቱን ከተዉ ወዲህ የቅሬው፣ የሰፈራችን ዕድር፣ ዕቃ ያዥ ሆነዋል፤ የለቅሶውን ድስትና ሳህን፣ ድንኳኑን፣ ወንበሩን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ማንም አልለመናቸውም። ራሳቸው ናቸው «ቁልፉን ለእኔ ስጡኝ» ያሉት።

ስለዚህ ያቺን ጥያቄ ይዤ እንደገና ወደ ወረዳው ተመለስኩ። የወረዳው አስተዳደር ገጽ ስለ ግብርና ስለ መንገድ ጥገና እንጂ ስለ ጩኸት የሚለው ነገር የለም። በመጨረሻ የቤተ መጻሕፍታቸውን አድራሻ አገኘሁና ጻፍኩላቸው። አራት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ። የማላውቀው ሰው ምን ይለኛል ብዬ አፍሬ፣ ከላክሁት በኋላ ስልኬን ትራስ ሥር ደበቅሁት። ቅዳሜ ዕለት መልስ መጣ። የጻፈችልኝ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናት፤ ረጅም ደብዳቤ፣ ከጽሑፏ እንደገመትኩት በአባቴ ዕድሜ ያለች ሴት።

በዚያው ሌሊት እንደ ቢሮ ልማዴ አጠቃላይ ገጽታውን በሁለት ገጽ ጻፍኩት። እህቴ አነበበችው። ስለ እንስሳት እርባታ የሚለው ቦታ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈችና ግንባሬን ሳመችኝ። «ልዩ ልዩ የቤት እንስሳት ይረባሉ» ይላል። «ጎበዝ» አለችኝ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ጎማ ነጋዴው በዚህኛው ጊዜ ሁለት ኮት ደራርበዋል። ሰላምታው፣ ሻዩ፣ ዝናቡ፣ እህሉ አለቀ። አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «መልእክተኛችን ደርሳ ተመልሳለች። እሷው ትናገር» አሉ።

እኔ ወረቀቱን የምሰጣቸው መስሎኝ ነበር። እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ በክርኗ ገፋችኝ፤ ሳላስበው ሳሎኑ መሀል ተገኘሁ። ወረቀቱን ዘረጋሁ።

«ወረዳው በአገሪቱ መካከለኛ ክፍል ይገኛል» አልኩ።

«አልሰማንም ልጄ» አሉ ከሽማግሌዎቹ ጥግ የተቀመጡት።

«ይገኛል!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ደነገጡ፤ ከሁሉም በላይ እኔ። «የመሬቱ አቀማመጥ ሜዳማ ነው።»

ጎማ ነጋዴው ተደሰቱ። «ማሻአላህ! ሜዳ ነው ጥሩ። ልክ እንደ ኮምቦልቻ።»

«ኮምቦልቻ ሜዳ የሆነው እኛ ከላይ ስለቆምንለት ነው» አሉ አባቴ። «ቀጥይ።»

ቀጠልኩ። በመካከሉ አንድ ትንሽ ከተማ አለ፤ ፍርድ ቤቱ መሀል አደባባይ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ሱቆች ከበውታል። በቆሎና አኩሪ አተር በሰፊው ይመረታል። ክረምቱ በረዶ ነው። «በተጨማሪም ልዩ ልዩ የቤት እንስሳት ይረባሉ» ብዬ ወደ ትምህርት ቤቶች ላልፍ ስል አባቴ እጃቸውን አነሱ።

«ልዩ ልዩ ማለት?»

«ላም አለ አባዬ። የወተት ላም።»

«ላም አንድ ነው። ልዩውስ?»

ከመጋረጃው ጀርባ እህቴን አሳላት። ትንሽ ሳል አልነበረም፤ ለሐኪም የሚያስኬድ ሳል ነበር። ሽማግሌዎቹ ይጠብቃሉ። በግ ማለት እችል ነበር። በግ ቢባል ማን ሄዶ ያያል?

«አሳማ» አልኩ።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ጎማ ነጋዴው።

«ብዙ ነው?» አሉ አባቴ።

«ከሰዉ ይበልጣል።»

ጥግ ያሉት ሽማግሌ ብርጭቆውን ከአፋቸው መለሱ። ጎማ ነጋዴው የላይኛውን ኮት አወለቁ፤ በደሴ አየር አልቧቸዋል። «ልጃችን የሚነዳው ወተት ነው! የላም ወተት! ወላሂ አሳማ አጠገብ አይደርስም!»

እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ። ለዓመታት በየስብሰባው ያልተናገርኩት ሁሉ በር የተከፈተለት ይመስል፣ «መስጊዱም ሩቅ ነው» አልኩ። «ያሉት ጥቂት ሙስሊሞች ለጁምዓ ወደ ሌላ ከተማ ሁለት ሰዓት ይነዳሉ። መሄድ ያልቻሉ እንደሆነ አራት ሆነው አንድ ጎማ መጠገኛ ጀርባ ይሰግዳሉ።»

የእህቴ ሳል ቆመ። 

አባቴ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ «ይህች ልጅ እህቷን ከነፍሷ አብልጣ ትወዳለች» አሉ። «እህቷ ደግሞ መሄድ እንደምትፈልግ እኔም አውቃለሁ፤ ይህን ያህል የሚያሳል ጉንፋን የለም። እንዲያም ሆኖ አሳማውን አልደበቀችም። እንግዲህ አሁን የምጠይቃትንም አትደብቅም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ እሪ ብትል ማን ይሰማታል?»

ይህ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። አጠቃላይ ገጽታ ውስጥ የጩኸት ክፍል የለም። ወረቀቱን አጠፍኩት።

«በየመንደሩ ረጅም ብረት ላይ የተሰቀለ ጡሩምባ አላቸው» አልኩ። «እሳት ሲነሳ፣ ሰው ሲወድቅ፣ ሰው ሲታመም አንድ ቁጥር ይደወላል፤ ያኔ ጡሩምባው ይጮኻል። ገጠር ስለሆኑ ለዚህ ሥራ የተቀጠረ ሰው የላቸውም። ጡሩምባው ሲጮህ በቆሎ የሚሰበስበውም፣ ፀጉር የሚቆርጠውም፣ አስተማሪውም የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። የጻፈችልኝ ሴት ባል በልጃቸው ሠርግ ላይ እንዳለ፣ ኬክ ሊቆረጥ ሲል ጡሩምባው ጮኸ፤ ከነሱፉ ሮጠ። እስከ ዛሬ በሠርጉ ፎቶ ላይ የለም።»

«ማነው የታመመው?» አሉ አባቴ።

«አንዲት አሮጊት ወድቀው ነበር።»

«ተረፉ?»

«ተረፉ። በኋላ ኬክ ተልኮላቸዋል።»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቢሞቱስ?»

«የሞተ ሰው ቤት ሁሉም ምግብ ሠርቶ ይዞ ይሄዳል። ሐዘንተኞቹ ብዙ ቀን አያበስሉም። ሳህኖቹ ስለሚቀላቀሉ እያንዳንዱ ከሳህኑ ሥር ስሙን ጽፎ ይለጥፋል።»

አባቴ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። «ከሥሩ?»

«ከሥሩ።»

«ከላይ ቢጽፉት ሲታጠብ ይለቃል» አሉ ለሽማግሌዎቹ፤ ዕቃ ያዥ ለዕቃ ያዥ የሚናገር በሚመስል ድምፅ። የቅሬያችንን ሳህን በሙሉ ከሥሩ ቀይ ቀለም የቀቡት እሳቸው ናቸው። ከእያንዳንዱ ለቅሶ በኋላ ቢያንስ አንድ የድስት ክዳን ይጠፋል፤ ያንን ፍለጋ ቤት ለቤት ሲዞሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ እንደያዘ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ። «ክዳኑስ? ክዳኑ ይመለሳል?»

«ሁልጊዜ አይመለስም ብላለች። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ክዳን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ካርቶን ሙሉ ተቀምጧል።»

አባቴ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። «ሰዎች ናቸው» አሉ። «ወላሂ፣ ሰዎች ናቸው!»

ጎማ ነጋዴው ነገሩ አልገባቸውም፤ ግን ነፋሱ ወዴት እንደዞረ ያውቃሉና ኮታቸውን መልሰው ለበሱ። «እንግዲህ…» አሉ።

«ሰጥተናል» አሉ አባቴ። «አንድ ነገር ብቻ። በገባች ሳምንት ባሏ ቤት ለቤት ይዟት ይዙር፤ ሰላም ትበላቸው። ድምፅዋን ያልሰማ ጩኸቷን አያውቀውም።»

«ቤቶቹ ይራራቃሉ አሉ እኮ» አሉ ጎማ ነጋዴው።

«ቦቴ አለው አይደል እንዴ!»

ጥግ ያሉት ሽማግሌ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ፤ ሁላችንም አሚን አልን። ከመጋረጃው ጀርባ የመጣው አሚን ከሁሉም ጮክ ያለ ነበር።

እንግዶቹ እንደወጡ አባቴ ስልኬን እንዳመጣ አዘዙኝ። «ለዚያች ሴትዮ ጻፊላት። ልጃችን ልትመጣ ነው በያት። እናት የላትም፤ አባቷ ሩቅ ነው፤ አደራ በያት።» ጻፍኩ። በዚህኛው ጊዜ አንድም አልሰረዝኩም፤ አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው ስለሚጠብቁ ጊዜ አልነበረኝም።

መልሱ ለሁለት ቀን አልመጣም። አባቴ ከቢሮ ስመለስ በር ላይ ቆመው «ምን አለች?» ይሉኛል፤ በነጋታውም «ምን አለች?» በሦስተኛው ቀን መጣ። አጭር ነበር። ደስ ብሏታል፤ ባሏም ደስ ብሎታል፤ የምትደርስበትን ቀን ንገሩን፣ ምግብ ይዘን እንመጣለን ትላለች።

ለአባቴ አነበብኩላቸው። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

«ታዲያ ቀኑን ንገሪያታ» አሉኝ።

«አባዬ፣ ኒካሁ ገና ነው። ከዚያ ወረቀቱ አለ፤ ቪዛው አለ። ወራት ይወስዳል፤ ምናልባትም ዓመት።»

አባቴ እህቴን ተጣሩ። እጇን እየጠረገች ከጓዳ ስትወጣ ከእግር እስከ ራስ ተመለከቷትና «ምን ትጎተቻለሽ?» አሏት። «ሰው ድስት ጥዶ እየጠበቀሽ አይደለም ወይ!»